እማዬ በፍርድ ቤት የተናገረችው

ያዕቁብ የሱቁን በር ከውስጥ ሲዘጋው እኔ የሸሚዝ ቁልፍ የተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ እጄን ከትቼ አተራምስ ነበር። 1958 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ቅዳሜ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አንደኛው የበሩ ተካፋች ሲዘጋ የጨርቆቹ ቀለም ደበዘዘ። ሁለተኛው ሲከተል ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት ከሚገባው በቀር ብርሃን የሚባል ጠፋ። ውጭ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪናዎች እንደወትሮው ይንጫጫሉ። ውስጥ ግን የሦስታችን ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

እማዬና እኔ የመጣነው ለአባባ ሸሚዝ ክርና ቁልፍ ልንገዛ ነው። ክሩ ተገዝቶ ተጠቅልሏል። ቁልፉን ደግሞ እንድመርጥ ለእኔ ተትቶልኝ ነበር።

"እሜቴ፣" አለ ያዕቁብ። ቀጭን ሰው ነው፤ ኮፍያው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ የጨርቅ መለኪያው ከአንገቱ የማይወርድ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከነጠላዎ ሥር ያስገቡትን ያውጡልኝና በሰላም ይሂዱ።"

"ምን አስገባሁ?" አለች እማዬ።

"ሻሹን። የሐሩን። በዓይኔ አይቻለሁ።"

የእማዬ ሁለት እጅ ነጠላዋ ውስጥ ነው። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ፤ ከንፈሯ ደረቀ። ሰው ሲሰደብ እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ አሰብኩ። እጇን ያላወጣችው ተናዳ ስለምትንቀጠቀጥ መሰለኝ።

"ሌባ ነሽ ነው የሚሉኝ? የሀብተወልድን ሚስት?"

"ሌባ አላልኩም። ሻሹን አምጡ ነው ያልኩት።"

"በሩን ይክፈቱልኝ።"

"እከፍታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንዱን ይምረጡ። ፖሊስ ልጥራ? ወይስ ባለቤቴ ትፈትሽዎት? ወንድ እጁን አያነሳብዎትም።"

እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ በሩ። እኔ ቆርቆሮውን አቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ። ያዕቁብ ወደ ጓሮ በምትወስደው ትንሽ በር በኩል በቤታቸው ቋንቋ ተጣራ። ሚስቱ መስቱራ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። ፈጠን ፈጠን ብለው ተነጋገሩ፤ እኔ አንድ ቃል አልገባኝም። መስቱራ ስትሰማው ቆየችና እማዬን በክንዷ ይዛ ከጥጉ መጋረጃ ጀርባ ወሰደቻት።

መጋረጃው መሬት አይነካም ነበርና እግራቸውን አየሁ። የእማዬ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ፣ የመስቱራ ባዶ እግር። ፊት ለፊት ቆመዋል። የጨርቅ ኮሽታ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም። አራቱም እግር ሳይንቀሳቀስ ቆየ። እኔ ይህን ያህል ጊዜ የፈጀው እማዬን ስለምታዋርዳት ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። መስቱራ አንድ ነገር በሹክሹክታ አለች።

ስትወጣ እንደ ሆድ ሕመምተኛ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ነበር።

"ምንም የለም፣" አለች በአማርኛ።

"እንዴት ምንም የለም?" አለ ያዕቁብ። "አየሁ እኮ! እስቲ ወላሂ በይ።"

"በልጅ ፊት አታስምለኝ። የለም አልኩህ፣ የለም። በሩን ክፈትላቸው።"

ያዕቁብ ሚስቱን ትክ ብሎ ሲያያት ቆይቶ በሩን ከፈተ። እማዬ ክሩን እዚያው ባንኮኒው ላይ ጥላው ወጣች። ያን ቀን ያየሁት አንዲት ክፉ ሴት እናቴን ደብቃ ስታዋርዳት ነበር፤ ለረጅም ዘመንም እንዲሁ ነበር የማስታውሳት። መስቱራ ሆዷን የያዘችው ሻሹ ቀሚሷ ውስጥ ስለነበረ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ቤታችን ከተማዋን ከከበበው ግንብ ውጭ፣ ሐኪም ወደሚባለው ጋራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። እማዬ ቡዳ በር እስከሚባለው የግንቡ መውጫ ድረስ ፈጠን ብላ ሄደች። በሩን አልፈን ስንወጣ ቆመችና ትከሻዬን ያዘች።

"ሙሉዬ፣ ለአባትሽ ምንም እንዳትነግሪ። እሺ?"

"እሺ፣" አልኩ።

ነገርኩት። አባባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነገርኩት፤ ስለ በሩም፣ ስለ መጋረጃውም፣ ስለ እማዬ እንባም። እማዬ አላለቀሰችም ነበር፤ እሱን ከራሴ ጨመርኩበት። ዝም ያለችው አፍራ ስለሆነ አባባ ሲሰማ ይበቀልላታል ብዬ ነው።

አባባ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ጃንጥላውን ተክሎ፣ ቀለሙንና ብዕሩን ደርድሮ፣ የተበደለውን ሁሉ ሲሰማ ይውላል። የሕግ መጻሕፍቱን በካኪ ወረቀት ሸፍኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ ማንም አይነካቸውም። በዚህ ሁሉ ዘመን የጻፈው የሌላ ሰው በደል ነው። አሁን የራሱ አገኘ። እንደተቆጣ አውቃለሁ፤ እውነተኛ ቁጣ ነበር። ግን ደግሞ ዓይኑ በራ። እኔም በአባቴ ኮራሁ።

"ባለሱቅ መብት አለው፣" አለኝ ትልቁን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እንደ ትልቅ ሰው እያዋየኝ። "ንብረቱ ነው። ሌባን እጅ ከፍንጅ ካገኘ፣ ይዞ ወዲያው ለፖሊስ ያስረክባል። እዚህ ላይ ማንም አይነካውም። በር ቆልፎ ራሱ ፖሊስ፣ ራሱ ፈታሽ፣ ራሱ ዳኛ መሆን ግን አይችልም። እሺ፣ ፈተሸ እንበል። ምን ተገኘ?"

"ምንም!" አልኩ።

"ምንም። ስለዚህ ሰው አግቷል፤ ስም አጥፍቷል። እስር ነው ይሄ።"

እማዬ ከምድጃው ሳትዞር፣ "ተወው ሀብተወልድ" አለች።

"እንዴት ነው የምተወው? ሌባ ተብለሽ?"

"አልተገኘብኝም አይደል? ይበቃል።"

"አንቺን ይበቃሽ ይሆናል። እኔን አይበቃኝም።"

ክሱ በእማዬ ስም ተጻፈ። አባባ በዚያ በተዋበ ጽሕፈቱ ሁለት ገጽ ሞላ። እማዬ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ሲያነብላት ዝም ብላ ሰምታ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። እጇን ይዞ ወረቀቱ ላይ ያሳረፈው እሱ ነው።

ነገሩ በከተማው ተሰማ። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያዕቁብን ይዘው ቤታችን መጡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ አየሁ። ያዕቁብ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"አቶ ሀብተወልድ፣" አለ፣ "በር ዘግቼ ስላቆየኋቸው ጥፋተኛ ነኝ። ፖሊስ መጥራት ነበረብኝ። ልጅ ስለያዙ፣ ሴትም ስለሆኑ በፖሊስ ሲጎተቱ እንዳላይ ብዬ ነው። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"በሐሰት ሌባ ስላልካቸውስ?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

ያዕቁብ አንገቱን ደፋ። "ማታ ሳይ ሻሹ በቦታው ነበር። እንዴት እንደሆነ አላህ ያውቃል። ግን አይቻለሁ። አላየሁም በል ካላችሁኝ አልልም።"

አባባ ብድግ አለ። "እንግዲያው ፍርድ ቤት እንገናኝ!"

እማዬ የእንግዶቹን ብርጭቆ ልትሰበስብ ገብታ ነበር። ያዕቁብ ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየት የጥላቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ሰውየው የገዛ ዓይኑ አብዶ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነበር የፈለገው። እዚያ ቤት ውስጥ መልሱን የምታውቀው አንዷ ናት፤ እሷም ብርጭቆዎቹን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ እማዬ እህል አልወስድ አላት። ሦስት ጉርሻ በልታ ትነሳለች። ቀጠሮው ለግንቦት ተቆርጦ ነበርና አባባ ማታ ማታ እኔን ያለማምደኛል፤ በሩን ማን ዘጋው፣ ስንት ተካፋች ነው፣ እናትሽ ክፈቱልኝ ብላለች ወይ። እኔ አንዱንም አልስትም። እማዬ ስታዳምጥ ቆይታ ወደ ደጅ ትወጣለች።

ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀር እማዬን ተከትዬ ጊደር መጋላ ወደሚባለው ገበያ ሄድኩ። የበርበሬ ተራው ውስጥ ሰው እንደ ጉድ ይተራመሳል፤ ዓይኔን አቃጠለኝና በነጠላዋ ጫፍ ስጠርግ፣ መስቱራ ከየት እንደመጣች ሳላያት እማዬን ክንዷን ይዛ ወደ አንድ ጥግ ጎተተቻት። እኔ ከአንድ ጆንያ ጀርባ ቀረሁ። የሚሰማኝ በገበያው ጫጫታ መሐል የተቆራረጠ ነበር።

"... ዝም በይ! ..." ትላለች መስቱራ። "... ትታሰሪያለሽ፣ ገባሽ? ... ልጅሽን አስቢ..."

እማዬ ራሷን ትነቀንቃለች። መስቱራ ክንዷን ጨምድዳ ይዛለች፤ ጣቶቿ ነጠላውን አልፈው ሥጋዋ ውስጥ የገቡ መሰለኝ። እማዬ ማልቀስ ጀመረች። ይኼኛው እውነተኛ እንባ ነው።

ቤት እንደደረስኩ ለአባባ ነገርኩት። "አስፈራራቻት! ዝም ካላልሽ ትታሰሪያለሽ አለቻት! ልጅሽን አስቢ አለቻት! እኔን ልታስገድለኝ ነው!"

አባባ እማዬን ጠየቃት። "ተገናኝታችኋል?"

"ተገናኝተናል።"

"ምን አለችሽ?"

"ምንም።"

"ይኸው! ፈርታ ነው።" አባባ ወዲያው ወረቀት አወጣ። መስቱራ ምስክር በማስፈራራት እንድትጠየቅ ተጨማሪ ማመልከቻ ጻፈ። አንድም ቃል አልጨመረም፤ እኔ ያልኩትን ብቻ ነው የጻፈው።

በዚያ የበርበሬ ተራ የሆነው ይህ ነው። እማዬ ለመስቱራ ነገ ሄጄ እናገራለሁ አለቻት። መስቱራ ደግሞ ዝም በይ አለቻት፤ ከተናገርሽ ትታሰሪያለሽ፣ ልጅሽን አስቢ፣ ያዕቁብን ቢበዛ ይቀጡታል እንጂ አይገድሉትም። ለሰው ሚስት ስትል የራሷን ባል አሳልፋ እየሰጠች ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ይዤ ወደ አባቴ ሮጥኩ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ በሰው ተሞላ። ጠዋት ነበር፤ ሙቀቱ ግን ከጠዋቱ ጀምሮ ያፍናል። በቀኝ በኩል የሱቅ ባለቤቶቹ ኮፍያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ በግራ የእኛ ሰፈር ሰዎች። ያዕቁብ በአራት ወር ውስጥ ከስቶ ሸሚዙ ሰፍቶታል። መስቱራ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ከጎኑ ተቀምጣለች። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ።

መጀመሪያ እኔ ተጠራሁ። የዳኛው ጠረጴዛ አገጬ ድረስ ነበር።

"ስምሽ ማነው?"

"ሙሉነሽ ሀብተወልድ።"

"መዋሸት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ሙሉነሽ?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። በሩን፣ መጋረጃውን፣ እግሮቹን። ከዚያ ገበያውን። "ክንዷን እንዲህ ይዛ፣ ዝም ካላልሽ ትታሰሪያለሽ አለቻት" ብዬ በራሴ ክንድ ላይ አሳየሁ። ግራው ወገን አጉረመረመ። አባባ ራሱን ነቀነቀልኝ። ደስ አለኝ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወረዱ። "ወይዘሮ መስቱራ፣ ይህን ብለዋል?"

መስቱራ ተነሳች። "ብያለሁ፣ ጌታዬ።"

"ለምን አሉ?"

መስቱራ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

"ወይዘሮ መስቱራ፣ የባለቤትዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ምስክር ማስፈራራት ግን እዚህ ፍርድ ቤት ላይ የተሠራ ወንጀል ነው። ምክንያትዎን ካልነገሩኝ በዚህ ሰዓት ወደ ፖሊስ ጣቢያ እልክዎታለሁ። ገብቶዎታል?"

"ገብቶኛል።"

"ለምን አሉ?"

መስቱራ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበችው እንጂ አልመለሰችም። ያዕቁብ በቤታቸው ቋንቋ አንድ ነገር አላት፤ የልመና ድምፅ ነበር። አላየችውም። ዳኛው እጃቸውን አነሱ፤ በሩ አጠገብ የቆመው ፖሊስ ወደ እሷ መጣ። የቦት ጫማው ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያደርግ፣

"ይተዋት!" አለ አንድ ሰው።

እማዬ ናት። ቆማለች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል፤ አላስተካከለችውም።

"ጌታዬ፣ ሻሹን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ አይቶኛል። መጋረጃው ውስጥ ስትፈትሸኝ አገኘችብኝ። ወስዳ ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችልኝ። ገበያ ላይም አላስፈራራችኝም። ልናገር ስላት እንዳልታሰር ብላ ከለከለችኝ። ይኸው ነው።"

አባባ ጮኸ። "ጌታዬ! አስፈራርተዋት ነው! ሚስቴ በሕይወቷ የሰው ዕቃ ነክታ አታውቅም!"

"ይቀመጡ፣ አቶ ሀብተወልድ!"

"ጌታዬ፣ ይህ በግድ የተገኘ..."

"ይቀመጡ ብያለሁ!"

ዳኛው ወደ መስቱራ ዞሩ። "እውነት ነው?"

መስቱራ መጀመሪያ ያየችው ባሏን ነው። "እውነት ነው፣ ጌታዬ። ሰትር ነው ያደረግሁት። የሰው ነውር ነው፣ ሸፈንኩ። ልጅዋ ከመጋረጃው ማዶ ቆማ ታለቅስ ነበር።"

ያዕቁብ በቀስታ ተቀመጠ። አራት ወር ሙሉ ዓይኑን ሲጠራጠር ኖሯል፤ ሚስቱ ከጎኑ እየተኛች ታውቅ ነበር። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ዳኛው ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ከዚያ፣ "አቶ ያዕቁብ፣ በእርስዎ ላይ የቀረበው ክስ ተሰርዟል" አሉ። "በር ዘግቶ ማስፈተሽዎ ግን ልክ አይደለም፤ ሁለተኛ እንዳይደግሙት። አሁን ደግሞ መብቱ የእርስዎ ነው። ንብረትዎ ተወስዶ ነበር፣ ወሳጇም አምናለች። መክሰስ ይፈልጋሉ?"

በቀኝ በኩል ካሉት አንዱ "ክሰስ!" አለ። ሌላውም ደገመው። ያዕቁብ ተነሳ። ለእማዬ የሚራራ ፊት አልነበረውም፤ የተናደደ ሰው ነው፣ መብቱም ነው።

"እነዚህ ሰዎች በእኔ ላይ ያደረጉትን እኔ አውቃለሁ፣" አለ። "ደንበኞቼ በሱቄ በር ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እናቴ ሳይቀሩ አይተሃል ወይ እያሉ ጠይቀውኛል።" ኮፍያውን በእጁ አዞረ። "ግን ሻሹ ሱቄ ውስጥ ነው። ከሱቄ የጎደለ ነገር የለም። አልከስም።" ከዚያ በቀጥታ ወደ እማዬ ዞረ። "ሱቄ ግን ሁለተኛ አይግቡ።"

"አልገባም፣" አለች እማዬ። "ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱን አላህ ያውቃል።"

ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ እማዬ ከኋላ ቀርታ ነበር። አባባ እጄን አጥብቆ ይዞ ከሰው መሐል አወጣኝ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "እናትሽ ቅድስት ናት" አለኝ። "ያቺን ሴት ከእስር ልታድን ብላ ራሷን አዋረደች። ሰው የፈለገውን ቢል እንዳትሰሚ። ሰማሽ?"

ሰማሁ። አመንኩም። ለማመን ምንም አልቸገረኝም።

አባባ እማዬን ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልጠየቃትም። አልተቆጣትም፣ አልመታትም። እንዲያውም ያን ሰሞን ከወትሮው ይልቅ ያከብራት ነበር። እሷ አንድ ሁለት ጊዜ "ሀብተወልድ፣ ያ ነገር..." ብላ ስትጀምር፣ "ተይው፣ እኔ አውቃለሁ" እያለ ይዘጋዋል። ትምህርት ቤት "የሌባ ልጅ" ያሉኝን ልጆች በድንጋይ ፈነከትኩ። ከፍ ስል ደግሞ ድንጋዩን ትቼ በታሪክ ነበር የምመልስላቸው። እናቴ ለባላንጣዋ ስትል ስሟን የሰጠች ሴት ናት። በጣም አሳምሬ እነግረው ነበር።

አባባ በ1965 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም ሞተ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። በልቅሶው በሦስተኛው ቀን ያዕቁብና መስቱራ መጡ፤ እሱ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፣ እሷ ወደ እኛ ገባች። ያዕቁብ ከፍርዱ በኋላ ብዙ ጊዜ ሚስቱን አላናገራትም ነበር ይባላል። እማዬና መስቱራ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ከድሬዳዋ የመጣች አንዲት ዘመዳችን ገርሟት ጠየቀችኝ፤ ይህች ሴት ማናት? እኔም ጀመርኩ። ሱቁን፣ ፍርድ ቤቱን። "... እማዬ ምንም ሳትወስድ ወስጃለሁ ብላ..."

"ሙሉነሽ።"

እማዬ በሙሉ ስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

"በቃ፣" አለች። መስቱራ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ዘመዳችን የቀረውን ሳትሰማ ቀረች።

ለቀስተኛው ተመናምኖ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ ደጃፍ ላይ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ስንት ጊዜ ነው የተናገርሽው?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ያንን ታሪክ።"

"አላውቅም። ብዙ።"

"እኔ አንድ ጊዜ ነው የተናገርኩት። በሕይወቴ ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ የተናገርኩት ያንን ብቻ ነው። አባትሽ አልሰማኝም። አንቺም አልሰማሽኝም። የሰሙኝ እነሱ ናቸው፤ የበደልኳቸው።"

"ወስደሽዋል እንዴ?" አልኩ። የጠየቅኳት ሰባት ዓመት ዘግይቼ ነው።

"ወስጃለሁ አልኩ እኮ።"

"ለምን?"

ወደ መንገዱ አየች። "መስቱራም ጠይቃኛለች። እንጃ። የት እንደምደብቀው እንኳ አላሰብኩም ነበር። እዚህ ቤት አባትሽ የማያውቀው መደበቂያ የት አለ? አስሬው አልወጣ ነገር። እጄ ውስጥ ሲገባ ግን ለአንድ አፍታ ማንም የማያውቀው የራሴ ነገር ነበረኝ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።"

"መጋረጃው ውስጥ ምን አለችሽ? የሆነ ነገር ስትልሽ ሰምቻለሁ።"

"'ልጅሽ ከመጋረጃው ማዶ ናት' አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።"

ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፤ ከየትኛው እንደምጀምር አላወቅሁም። ለአባባ የነገርኩበት ቀን አለ፣ የበርበሬ ተራው አለ፣ ያ ሁሉ አሳምሬ ያወራሁት አለ።

"እማዬ፣" አልኩ በመጨረሻ፣ "ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ትክ ብላ አየችኝ፤ መስማት እንደምችል የምትመረምር ይመስል። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ጀመረች። እስከ መጨረሻው አላቋረጥኳትም።